ስሙን ቢቀይሩት ለሌላም የሚሆን ዜና ዕረፍት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። በአንዲት አጭር ጽሑፍ ልጀምር።

«አንጋፋውና ተወዳጁ የጥበብ ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ለረጅም ዓመታት አገሩንና ሕዝቡን በሙያው ያገለገለ፣ ሰው አክባሪ፣ ትሑትና ተጫዋች ነበር። ሕልፈቱ ለወዳጅ ዘመዶቹና ለአድናቂዎቹ መሪር ሐዘን፣ ለአገርም ታላቅ ጉዳት ነው። ፈጣሪ ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልን።»

ይህ ዜና ዕረፍት የማን ነው? የማንም አይደለም። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እኔው ራሴ የጻፍኩት ነው። ሆኖም ሳነበው አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ስም ሰጥታችሁት እንደነበር ከፊታችሁ አይቻለሁ። ስም ብቻ ነው የጎደለው፤ የቀረው ሁሉ ሞልቷል። ችግሩም ይኸው ነው። ስለ ሟች የተጻፈ ነገር ስሙ ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ቢገባበትና ምንም ሳይጎረብጠው ቢቀጥል፣ የተጻፈው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሞት ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህችን ብቻ ነው፤ ታዋቂ ሰውን ማስታወስ ማለት በሌላ ሰው ላይ ሊለጠፍ የማይችለውን ነገሩን ለይቶ መናገር ነው። ማዘኑን ሁላችንም እናውቅበታለን፤ እሱ ንግግር አያስፈልገውም።

ምሩጽ ይፍጠር በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ ሲያርፍ «ጀግናው አትሌት» ያላለ አልነበረም። ጀግና አትሌት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙ አለን። «ማርሽ ቀያሪው» ግን አንድ ብቻ ነው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትሩ ውድድር ሊያልቅ 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው ከመሪዎቹ መካከል ተፈትልኮ ወጣ፤ በ5 ሺህም ወርቁን ደገመው። አሯሯጡን ያየ ሕዝብ ያወጣለት ቅጽል ከማንኛውም የመንግሥት መግለጫ ይልቅ ሥራውን በትክክል ይዞታል። ለኃይሌ አይሆንም፤ ለቀነኒሳም አይሆንም። የአጨራረስ ፍጥነት ለእነርሱም አላነሳቸውም፤ ቅጽሉ ግን ባለቤት አለው።

ይህን አዲስ ትምህርት አድርጌ ያመጣሁት አይደለም። የጥንቱ አልቃሽ ያውቅበት ነበር። አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትጠራ ባዶ እጇን አትመጣም፤ የሟቹን ትውልድ፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን ጦር ሜዳ፣ ደግነቱ በምን እንደታወቀ ጠይቃ ታጣራለች። ሙሾዋ የሚያስለቅሰው ስለዚህ ነው። የአንዱን ሙሾ ለሌላው ብታወርደው ቤተ ዘመድ ይታዘባት ነበር። ዛሬ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ግን፣ ታውቁታላችሁ፣ «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» የምትለዋን ሐረግ ሳይረግጥ አያልፍም። ዕድሜው ለትምህርት ያልደረሰ ሰው አለ? ከዚያ «በሥራቸው ምስጉን» ይባላል፣ ልጆች ይቆጠራሉ፣ የምስክር ወረቀቶች ይዘረዘራሉ። ሰውየው አርባ ዓመት ሲዘፍን ኖሮ የአንድ ዘፈን ስም ሳይጠራ ይቀበራል። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው ብሂላችንም የራሱ ድርሻ አለው። ክፉ ላለመናገር ስንል የሟቹን መልክ ጭምር እንተወዋለን።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልግባ። 2015 ዓ.ም. ለዚህ ጉዳይ የሚበቃ ዓመት ነበር። ሉቺያኖ ቫሳሎ በመስከረም መጀመሪያ፣ ማዲንጎ አፈወርቅ በዚያው በመስከረም፣ አሊ ቢራ በጥቅምት፣ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በመጋቢት፣ ሂሩት በቀለ በግንቦት አረፉ። በተከታዩ ዓመት በሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ ሙሉቀን መለሰ። ሁሉንም እኩል አልናገርም።

ሉቺያኖ ያረፈው መስከረም 6 ቀን በጣሊያን፣ በ87 ዓመቱ ነው። ወጣቶቹን ሉቺያኖ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው «የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው አምበል» ይሏችኋል፤ መልካም ነው፤ ግን አሁንም ፎቶግራፍ ነው። ወደ ሜዳው እንግባ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ያኔ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይጠራ የነበረው። ከፊታችን ያለችው ግብፅ ናት፤ በዚያ ዘመን የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የወሰደች እርሷ ናት። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብደል ፈታህ አገባብን። ሕዝቡ ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ያህል ምን ይዞ እንደተቀመጠ አስቡት። በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገን። ደስታው ገና ከጉሮሮ ሳይወጣ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ያው ባዳዊ ደግሞ አገባ። አንድ ደቂቃ! ኳስ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ቡድን የሚፈርሰው እንዲህ ባለችው ሰዓት ነው።

በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ አገባ። 2 ለ 2። መደበኛው ጨዋታ ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለአምበሉ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ አላገኘነውም፤ ለመሳተፍ እንኳ ከ31 ዓመት ቆይታ በኋላ የተመለስነው በ2005 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሉቺያኖን «ታላቅ ተጫዋች ነበር» ብሎ መቅበር ይቻላል። እኔ ግን 84ኛዋን ደቂቃ እመርጣለሁ። እርሷ ባትኖር የኢታሎም የመንግሥቱም ጎል አይኖርም ነበር፤ ዛሬ «የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበርን» እያልን የምንጽናናባት አንዲት ዓረፍተ ነገርም አትኖርም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሉቺያኖ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነች ሰው ነው። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ፤ ቀሪ ዕድሜውንም በጣሊያን ኖረ። ሲሞት የሦስት አገር ሰዎች የኛ ነው አሉት፤ አንዳንዶች ደግሞ የእናንተ አይደለም ብለው ተከራከሩ። እንዲህ ያለው ክርክር የሚመቸው ሰውየው ጥቅል ሆኖ ሲቀር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ያንን ቡድን ከአስመራ የመጡ ልጆችና ከሸዋ የመጡ ልጆች አብረው እንደሠሩት ይታያል፤ ከአጠገባቸውም ይድነቃቸው ተሰማ በአሠልጣኝነት ቆመው ነበር። የዚያን ዕለት ጎል አግቢዎች ስም ዝርዝር ብቻውን ታሪክ ነው። ኢታሎ ከወንድሙ ቀድሞ በ2013 ዓ.ም. አርፏል። ስንቶቻችን ሰማን?

ስለ ማዲንጎ በአጭሩ እናገራለሁ። መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት ድንገት ሞተ። ሐዘኑ ገና ሳይጀመር ስለ አሟሟቱ መላ ምት አገሩን ሞላው። ስለ ድምፁ፣ ለምን ያ ድምፅ ከእድሜ እኩዮቹ ተለይቶ እንደሚታወቅ የጻፈ ሰው ስፈልግ ግን ያገኘሁት እፍኝ አይሞላም። አንድ ድምፃዊ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ገደለው?» ከሆነ፣ ሙዚቃውን ከነነፍሱ ለፖሊስና ለሐኪም አስረክበነዋል ማለት ነው።

አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን በአዳማ አረፈ፤ የተቀበረው በተወለደባት በድሬዳዋ ነው። «የኦሮሞ ሙዚቃ አባት» ተባለ። ትክክል ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ ትክክል ነው። ነገር ግን የዚህን አባባል ዝርዝር ካላወቅን ክብሩም ይሳሳል። ሙሉ ስሙ አሊ መሐመድ ሙሳ ነው። «ቢራ» የተጨመረለት ገና በልጅነቱ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር ሆኖ ከተጫወታት የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። በ1950ዎቹ በአፋን ኦሮሞ መድረክ ላይ ወጥቶ መዝፈን ዛሬ እንደምናየው አልነበረም። አፍረን ቀሎዎች ሠርግ ቤት ነበር የሚያዜሙት፤ መንግሥትም በጥርጣሬ ያያቸው ነበር። ልጁ ከዚያ ወጥቶ በክቡር ዘበኛ ባንድ ውስጥ ተጫወተ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ አልበም አሳተመ።

ድሬዳዋን ያያችሁ ደግሞ ሌላውን ትረዱታላችሁ። ባቡር የሠራት ከተማ ናት፤ በአንድ ሰፈር ውስጥ አራት አምስት ቋንቋ ይሰማል። አሊ ዑድ ይጫወታል፣ ጊታር ይጫወታል፤ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ፣ በስዋሂሊም ዘፍኗል። ያንን ሁሉ ቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም፤ ጎረቤቶቹ ናቸው። አሊን ከድሬዳዋ ለይቶ የሚያወድስ ሰው ግማሹን ይተዋል ብዬ አምናለሁ። ጂማ ዩኒቨርሲቲ ገና በሕይወት እያለ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ይህን የምጠቅሰው ከነዚህ ሰዎች መካከል በቁሙ ምስጋናውን የሰማ ጥቂት ስለሆነ ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ጋ ስደርስ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ በጣም ከባዷ እርሳቸው ናቸው። በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም አረፉ። የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ጻፉ፤ እኛም የጻፉትን ተርጉመን አነበብን። ከዚያ የተለመደው ወቀሳ መጣ፤ «አገራቸው አላወቀቻቸውም፣ ባዕድ አወቃቸው»። በዚህ ወቀሳ ላይ ቅሬታ አለኝ። ትሕትና የሚመስል ነገር አለው፤ ሲመረመር ግን ስለ ራሳችን ነው የምናወራው። ሟቿ ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ መድረኩ ላይ ያለነው እኛና ጸጸታችን ነን።

እርሳቸው ጋ እንመለስ። የውብዳር ገብሩ ተብለው በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ተማሩ። ጣሊያን ሲወርረን ከነቤተሰባቸው በግዞት ወደ አሲናራ ደሴት ተወሰዱ፤ ከቤተሰባቸውም የተገደሉ አሉ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል ተከፍቶ ነበር፤ መሄጃ ፈቃዱ ግን ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ በባዶ እግራቸው ኖሩ፤ ፒያኖም ተውት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወደ ፒያኖው ሲመለሱ ያመጡት ሙዚቃ ካይሮ የተማሩት ብቻ አይደለም። በፒያኖው ግራ እጅ የአውሮፓውን ትምህርት ትሰማላችሁ፤ ቀኝ እጅ ላይ ያለው ጌጥና ማመንታት ግን ከቅኝቶቻችንና ከቤተ ክርስቲያን ዜማ የመጣ ነው። ምቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ዜመኛ ትንፋሽ ይሳባል ይቆያል። ፒያኖ ቁልፎቹ የተቆረጡ መሣሪያ ነው፤ በሁለት ድምፅ መካከል ያለውን ልስላሴ አይሰጥም። እማሆይ ያንን ልስላሴ በጥድፊያ ኖታዎች ሲፈጥሩት መስማት ይቻላል። እንዲህ የሚጫወት ሌላ ሰው እኔ አላውቅም። ይህ ነው ስም ቢቀየር የማይሆነው።

የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በገዳም ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 21ኛው ክፍል ለእርሳቸው ሲሰጥ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። «ዘግይቶ የመጣ ዝና» ይባላል። ዘገየ የሚባለው የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው። አንዲት መነኩሲት አርባ ዓመት ቁጭ ብለው ዝናን ሲጠብቁ ኖሩ ብዬ ማሰብ አልችልም።

ከዚህ ቀጥዬ ጥቂት ስለማይታዩት ሰዎች። በ2013 ዓ.ም. በሚያዝያ አምኃ እሸቴ ሞተ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ተከተለው። የአባት ስማቸው ቢመሳሰልም ወንድማማች አይደሉም። ለዓለማየሁ አገር ተነሥቶ አለቀሰ፤ ይገባዋል። የአምኃ ሞት ግን በጋዜጣ ጥግ ያለፈ ነው። አምኃ ማን ነው? በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተፈቀደበት ጊዜ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ የሙዚቃ መደብር ባለቤት፣ ትእዛዙን አልፎ የዓለማየሁን ሸክላ ሕንድ አገር አሳትሞ ያስገባ ሰው ነው። ከዚያ እስከ 1967 ዓ.ም. ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ፤ ከዚያም ተሰደደ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያላችሁ የምታደምጡት ሙዚቃ ትልቁ ክፍል በዚያ ሰው ድፍረት በፕላስቲክ ላይ የተቀረጸ ነው። የሬዲዮ አዘጋጆች በመካከላችን አላችሁ፤ አትቀየሙኝ። ዘፈን ስታሰሙ የድምፃዊውን ስም ብቻ ትጠራላችሁ። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ሠራው፣ ያቀናበረው ማን ነው፣ ባንዱስ? አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ነገር ነው። ያ አሥር ሰከንድ ስለማይሰጣቸው ነው ግጥም ጸሐፊዎቻችን ሲሞቱ ጎረቤት ብቻ የሚቀብራቸው።

ይህን ያነሣሁት ለሙሉቀን መለሰ ስለሚያስፈልገኝ ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ አረፈ። ጎጃም ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የመጣ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መድረክ ላይ የወጣ፣ ድራም መምታትም የሚችል ድምፃዊ ነበር። ድራም መቻሉን አትለፉት። ቃላቱን ከምቱ ትንሽ ወደኋላ አስቀርቶ ደግሞ ሲደርስባቸው ስትሰሙ፣ ምቱን በእጁ የሚያውቅ ሰው እንደሚያዜም ይገባችኋል። «ሄደች አሉ» እና «ወተቴ ማሬ» ያኔ ከነበሩት ሸክላዎች መካከል ዛሬም የማያረጁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው አልበም ደግሞ፣ በእኔ ጆሮ፣ የዚያን ዘመን የባንድ ሙዚቃ ጫፍ ነው።

ከዚያ ተወው። የወንጌላውያንን እምነት ተቀብሎ ዘፈን አቆመ፤ አገርም ለቀቀ። አርባ ዓመት ገደማ ወደ ዘፈን መድረክ ሳይመለስ፣ እየዘመረ ኖረ። ሂሩት በቀለም እንዲሁ፤ የፖሊስ ኦርኬስትራዋ ያቺ ግርማ ያላት ድምፃዊት የኋላ ዕድሜዋን ለመዝሙር ሰጥታለች። ሁለቱም ሲሞቱ ምን አደረግን? በየስልካችን የፍቅር ዘፈኖቻቸውን ከፈትን። አንዳንድ አማኞች ተቆጡ፤ «ሰውየው የተወውን ነገር በሬሳው ላይ ትዘፍናላችሁ?» አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቀልድ አድርገው ያለፉት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

እኔ የምለው ይህ ነው። ዘፈኑ የሙሉቀን ብቻ አይደለም። እንደ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ያሉ ገጣሚዎች ግጥም የሰጡት፣ የዳህላክ ልጆች ነፋሽ መሣሪያቸውን የነፉበት፣ አሳታሚ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ሥራ ነው። ሙሉቀን የራሱን ድርሻ መተው ይችላል፤ ተወም። የሌሎቹን ድርሻ ግን እርሱም ሊተውላቸው አይችልም። ስለዚህ ዘፈኖቹ ይሰሙ።

ዘፈኖቹን ብቻ አሰምቶ ማብቃት ግን ያንኑ የጀመርኩባችሁን ዜና ዕረፍት መድገም ነው። ሸጋ ድምፅ ያላቸው ብዙ ነበሩ። በዝናው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ሕዝብ እየለመነው፣ ገንዘብ እየተቆጠረለት፣ አንድ ጊዜ እምቢ ብሎ እስከ ሞቱ ያልተመለሰ ስንት አለ? እናንተ በእምነቱ ብትስማሙም ባትስማሙም፣ ከሕይወቱ ከግማሽ የሚበልጠው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሦስት ሰዓት የፈጀ የመታሰቢያ ፕሮግራም ተሠርቶ ከመዝሙሮቹ አንዲት ስንኝ ሳይሰማበት ሲያልቅ፣ የታሰበው ሰው በ1970ዎቹ የሞተ ሰው ይመስላል። ያ ሰው እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ይዘምር ነበር።

ከመዝሙሮቹ ጋር አብረው ያደጉ ሰዎች ከፊት ረድፍ ተቀምጠው አያለሁ። የቀረውን ሰዓት ለእነርሱ ለቅቄያለሁ፤ ማይክሮፎኑን ወደዚያ አሳልፉልኝ።